ቲኬት መቅደድ የኬምፓያ ነው

እስከዚያ የዳሳራ በዓል ሰሞን ድረስ ነገሩ እንዲህ ነበር። የጓደኛዬ የኬምፓያ ቀኝ እጅ ከትከሻው ተንጠልጥሎ ይውላል። ጣቶቹ ወደ መዳፉ ታጥፈዋል፤ ትንሿን ጣት ብቻ አንዳንዴ ያንቀሳቅሳታል። ቀኝ እግሩ መሬት እየጠረገ ይከተለዋል። አፉ ቃሉን ያውቀዋል፤ የመጀመሪያዋን ድምፅ ካወጣ በኋላ ግን ቀሪው ጉሮሮው ላይ ይያዝበትና ታግሎ ታግሎ ወይ ይወጣል ወይ እዚያው ይቀራል። ጭንቅላቱ ደህና ነው። ይህን ሐኪሙም ነግሮናል፣ እኔም አረጋግጫለሁ፦ ካርታ ስንጫወት አሁንም ያጭበረብራል።

ስትሮኩ የመታው በየካቲት ነው። ከዚያ ወዲህ ከበረንዳው አልፎ አያውቅም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የማይሶርን ከተማ አውቶብስ የነዳ፣ በየፌርማታው ስሙን የሚጠሩት፣ ድምፁ ከጥሩምባው የሚበልጥ ሰው ነበር። አሁን «ና እስከ ጥግ ድረስ እንራመድ» ስንለው «ሰ… ሰው» ብሎ ፊቱን ያዞራል። ሰው ያየኛል ማለቱ ነው።

ባለቤቱ ላሊታ ናት። ጓደኛችን ዛቢዩላም እኔም እንደ ታላቅ እህት ስለምናያት በአገሩ ወግ «አካ» እንላታለን። ልጃቸው ባንጋሎር ከተማ ውስጥ አስራ አንደኛ ፎቅ ላይ ይኖራል። ጥሩ ልጅ ነው፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ ይደውላል። «እዚህ ሊፍት አለ፣ ሆስፒታሉ ቅርብ ነው፣ ኑ» ይላል። የማይሶሩን ቤት የሚከራይ ሰው እንኳን አግኝቷል፤ ከበዓሉ በኋላ ቁርጡን ንገሩኝ ብሏል።

ላሊታ አካ መሄድ አልፈለገችም። የተወለደችውም የተዳረችውም እዚሁ ሰፈር ነው። ግን ደክሟታል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እኔ ሳልፍ የውኃ ባልዲዋን አስቀምጣ ጠራችኝ።

«ሬቫና፣ እዚህ ግድግዳ እያየ የሚውል ከሆነ እዚያም ግድግዳ አለ። ቢያንስ እዚያ የሚያግዘኝ ልጅ አለኝ። አንድ ነገር ልለምንህ። አንድ ቀን አውጡት። ሲመለስ ደግሞ ልውጣ ካለ፣ ለልጄ እምቢ እላለሁ። ዝም ብሎ ከገባ ግን ዕቃዬን አስራለሁ።»

«ወዴት እናውጣው አካ?»

«እኔን ትጠይቀኛለህ? በዓመት አንድ ቀን ሦስታችሁ ተያይዛችሁ የምትጠፉበት ቦታ የለም እንዴ?»

የምትለው ገብቶኛል። በማይሶር ትልቁ የፈረስ ውድድር የሚካሄደው በዳሳራ ሰሞን ነው፤ ደርቢ ይሉታል። እኛ የፈረስ አዋቂዎች አይደለንም። እኔ ጡረታ እስክወጣ የሐር ትል እንቁላል በማጉያ መነጽር እያየሁ በሽተኛውን ከጤነኛው ስለይ ኖርኩ። ዛቢዩላ ልብስ ሰፊ ነው፤ እስከ ዛሬም ይሰፋል። በዓመት ያቺን አንዷን ቀን ብቻ ሜዳው እንሄዳለን፤ ሦስታችን እኩል እናዋጣና በትልቁ ውድድር ላይ አንድ ቲኬት ብቻ እንቆርጣለን። ገንዘቡን ዛቢዩላ ይይዛል። የውድድሩን መጽሔት እኔ አነባለሁ። ቲኬቱ የሚቀመጠው በኬምፓያ ደረት ኪስ ነው። ስንሸነፍ፣ ማለትም አብዛኛውን ጊዜ፣ የሚቀደውም እሱ ነው። ቲኬቱን ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ፣ አጠገባችን ያለው ሁሉ እያየው፣ መጀመሪያ ለሁለት ከዚያ ለአራት ይቀደዋል። ምክንያቱንም በየዓመቱ እንደ አዲስ ይነግረናል።

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ ረዳቱ ከኋላዬ ቲኬት ሲቀድ እየሰማሁ ነዳሁ። አንድም ቀን ‹እስቲ አንተ ቅደድ› ያለኝ የለም። እዚህ ግን መቅደድ የኔ ነው!»

አንዴ ከተቀደደ በኋላ ስለ ተሸነፈው ፈረስ ማንሳት ክልክል ነው። ሐዘኑ እዚያው መሬት ላይ ይቀራል። እኛ ወደ ቹርሙሪ ሻጩ እንሄድና የሩዝ ፈንድሻውን በካሮት፣ በሽንኩርትና በቃሪያ ሲያሸው ቆመን እናያለን።

*

የደርቢው ዕለት ጠዋት ዛቢዩላ ነጭ ሸሚዝ አጣጥፎ ይዞ መጣ። ለኬምፓያ የሰፋው ነው። ተቀብዬ አገላብጬ አየሁት። ቁልፎቹ ከላይ ለዓይን ብቻ የተሰፉ ናቸው፤ ከሥራቸው ሲጫኑት የሚጣበቅ ጨርቅ አድርጎበታል። በአንድ እጅ መልበስም ማውለቅም ይቻላል፤ ሌላ ሰው አይቶ አያውቅበትም። ዛቢዩላ ሸሚዙን ከእጄ ወስዶ ለኬምፓያ ዘረጋለት።

«ልበስ። እንሄዳለን» አለው።

ኬምፓያ ራሱን ነቀነቀ። «ሰ… ሰው።»

«ሰው? እዚያ ሰው የሚመጣው ፈረስ ለማየት ነው። አንተን ማን ያይሃል? አራት እግር አለህ?»

ኬምፓያ ከዘራውን አነሣና መሬቱን መታ። «ሦ… ሦስት።»

ዛቢዩላ ግድግዳውን ተደግፎ ሳቀ። «ይሁን፣ ሦስት እግር ባለው ላይ የሚወራረድ የለም። እንግዲህ ማንም አያይህም፣ ተነሥ!»

«ቲኬቱንስ ማን ሊቀድልን ነው?» አልኩ። «አንተ ዛቢ ትቀዳለህ?»

«እኔ? እኔ ሳልለካ ቀድጄ አላውቅም። ለሙያዬም ውርደት ነው።»

«እኔም አልችልበትም።»

ኬምፓያ ተራ በተራ አየን። እያታለልነው እንደሆነ ያውቃል። ከዚያ ሸሚዙን አየ። ቁልፉን በአውራ ጣቱ ገፋ ሲያደርገው ጨርቁ ተላቀቀ፤ መልሶ ሲጫነው ተጣበቀ። አንድ ጊዜ ደግሞ አላቀቀው። ዛቢዩላ ጣሪያውን ያያል። በመጨረሻ ኬምፓያ ግራ እጁን ወደ እጅጌው ዘረጋ።

ላሊታ አካ ጃንጥላዋን ይዛ ከጓዳ ወጣች።

«አካ፣ አንቺም?»

«ይሄ በየዓመቱ የሚያጠፋችሁ ነገር ምን እንደሚመስል ልየው እንጂ።»

አራት ሆነን አንድ ባጃጅ ውስጥ ተጣበቅን። ዛቢዩላ ከሾፌሩ ጎን በአንድ ቂጡ ተቀመጠ።

*

በሜዳው መግቢያ ላይ የፈራሁት ነገር ደረሰ። አንድ ሽማግሌ ከሰልፉ ወጥቶ «ኬምፓያ! የአውቶብሱ ኬምፓያ አይደለህም እንዴ?» ብሎ እጁን ዘረጋ። የተዘረጋው ቀኝ እጁ ነው። ኬምፓያ የታጠፈውን እጁን ወደ ኋላው ሸሸገና ፊቱን አዞረ። ሽማግሌው እጁን እንደዘረጋ ጥቂት ቆየ፣ ከዚያ «ተሳስቻለሁ መሰለኝ» ብሎ ሄደ። ላሊታ አካ ይህን ሁሉ አየች። የጃንጥላዋን እጀታ አጥብቃ ያዘች። እኔ ግን በልቤ ዕቃው ሲታሰር ታየኝ።

ከውድድሩ በፊት ፈረሶቹን በክብ የሚያዞሩበት አጥር ጋ ሄድን። ኬምፓያ ፈረስ የሚመርጠው እዚያ ነው። «ቀጥታማ ማንም ይሄዳል፤ እኔ ሹፌር ነኝ፣ መታጠፉን አሳየኝ» ይል ነበር። በዚህ ዘዴው ስንት ጊዜ እንደከሰርን አልናገርም። ሆኖም በመጽሔቱ ከሚጽፉት አዋቂዎች የባሰ አልነበረም።

«ሁሉም ሰው ቁጥር ሁለት ነው የሚለው» አልኩ ከመጽሔቱ እያነበብኩ። «ስሙ የወርቅ ከበሮ።»

«ተመልከተው እስቲ፣ ደረቱ ቁም ሣጥን ያህላል» አለ ዛቢዩላ። «በቃ፣ ሁለት እንቁረጥ።»

ኬምፓያ አጥሩን ተደግፎ አንድ ዙር አየ። ሁለተኛ ዙር አየ። ከዚያ ግራ እጁን አንሥቶ አንዲት ቀጭን ዳማ ባዝራ ላይ ጠቆመ። ቁጥሯ ስምንት፣ ስሟ የደመና ጫፍ።

«እሷን? ጎድኗ ይቆጠራል እኮ!»

«እ… እሷን።»

«ምኗን አይተህ ነው ወንድሜ?»

ኬምፓያ መዳፉን ጠፍጣፋ አድርጎ በአየር ላይ መታጠፊያ ሠራ፤ እጁ ሲታጠፍ ወደ ውጭ አልሸሸም። ባዝራዋን በሚቀጥለው ዙር አጥብቄ አየኋት። እውነቱን ነው። ሌሎቹ ሲታጠፉ የኋላ እግራቸው ወደ ውጭ ይወጣል። የእሷ የኋላ ኮቴ የፊተኛው በረገጠበት ላይ ያርፋል።

«እኔም ስምንት» አልኩ።

ከሦስት ሁለት ከተስማማ ሦስተኛው ይገባል፤ ሕጋችን ነው። ዛቢዩላ እየተነጫነጨ ወደ መስኮቱ ሄደ፤ መቶ ሩፒ የቁጥር ስምንት ቲኬት ይዞ ተመለሰና በኬምፓያ ደረት ኪስ ከተተው። «ይኸው። ቀዳጁ ተዘጋጅ።»

*

ደረጃውን መውጣት ስለማይሆን ታች ከመሮጫው አጥር አጠገብ ቆምን። ላሊታ አካ ጃንጥላዋን ለኬምፓያ ዘረጋችለት። ከሜዳው ማዶ የቻሙንዲ ኮረብታ ጭጋጉን ጥሎ ተገልጦ ነበር። ፈረሶቹ ሲለቀቁ ከሩቅ ድምፅ አልነበራቸውም፤ የጋላቢዎቹ ልብስ ቀለም ብቻ አጥሩን ተከትሎ ይንሸራተታል።

እስከ መታጠፊያው ድረስ ስምንት አምስተኛ ነበረች። መታጠፊያው ላይ ኬምፓያ በአየር ላይ የሠራውን ሠራች። ሌሎቹ ወደ ውጭ ሲሰፉ እሷ አጥሩን ተጠግታ ገባች፤ ሦስቱን ሳትፈጥን አለፈቻቸው፤ መንገዱ አጠረላት ማለት ይቻላል። ዛቢዩላ «ያ አላህ! ያ አላህ!» እያለ የማያውቀውን ሰው ትከሻ ይደበድባል። ኬምፓያ በግራ እጁ አጥሩን ይመታል። አፉ ተከፍቷል፤ ድምፅ ግን አይወጣውም።

ቀጥታው ላይ ከፊቷ የቀረው ቁጥር ሁለት ብቻ ነው። ጎኑ ደረሰች። ያን ጊዜ ሁለት ቁጥሩ ወደ እሷ አዘነበለ፤ የእሷ ጋላቢ ለቅጽበት መግፋቱን ትቶ ልጓሙን ሳበ። አይቼዋለሁ፤ ግን ትርጉም አልሰጠሁትም። እንደገና ሲገፋት ሜዳው አለቀ። በአንገት ርዝመት ተቀደመች።

ጩኸቱ ሲበርድ የሚሰማው የወረቀት ድምፅ ብቻ ሆነ። በደርቢ ቀን የሚመጣው አብዛኛው ሰው እንደኛው በዓመት አንድ ጊዜ ብቅ የሚል ነው። ውጤቱ እስኪጸድቅ ቲኬት እንደማይጣል መጽሔቱ ጀርባ ላይ በየዓመቱ ይጻፋል፤ እኔም በየዓመቱ አነበዋለሁ። በየቀኑ የሚመጡት ይጠብቃሉ። እኛና መሰሎቻችን ግን ብስጭታችን ሳይበርድ እንቀዳለን። ግራና ቀኝ፣ ከላይ ከደረጃውም ጭምር የተቀደደ ቲኬት ወረደብን።

ኬምፓያም በግራ እጁ ቲኬቱን ከኪሱ አወጣ።

እኔና ዛቢዩላ ተያየን። ቲኬት ለመቅደድ ሁለት እጅ እንደሚያስፈልግ ጠዋት ሁለታችንም አላሰብንም ነበር። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ቲኬቱን በታጠፉት ጣቶቹ መሃል ሊያስገባ ሞከረ፤ ወደቀ። ዛቢዩላ ጎንበስ ብሎ አነሣለት።

«አምጣ ኬምፓ፣ ዛሬ እኔ ልቅደድልህ…»

«አ!» አለ ኬምፓያ። ይህቺ ቃል አልነበረችም፤ ግን ማንም አልተሳሳታትም። ዛቢዩላ እጁን ሰበሰበ።

የቀኝ እጁን ክንድ አጥሩ ላይ አስደግፎ ቲኬቱን ከሥሩ አስገባና በግራው ሳበው። ሾልኮ ወጣ። እንደገና አስገባ። ሾለከ። በዙሪያችን የነበሩት ሰዎች ማየት ጀመሩ። ላሊታ አካ እጇ ወደ ቲኬቱ ሲሄድ አየሁ። ስምንት ወር ሙሉ ስታጎርሰው፣ ስታለብሰው፣ ጸጉሩን ስታበጥር የኖረችው እጅ ናት። መንገድ ላይ ቆመች። መልሳም የጃንጥላውን እጀታ ያዘችባት።

«ተዉት» አለችን፤ እኛ ግን አልተንቀሳቀስንም ነበር። ለራሷ ነው የተናገረችው።

ኬምፓያ የቲኬቱን ጫፍ በጥርሱ ነከሰ። በግራ እጁ ወደ ታች ሳበ። ቀጭን ወረቀት ነው፤ ቢሆንም ከጥርስ ጋር ሲሆን ወደ ጎን ይሸሻል። ጥቂት ተቀደደ። አረፈ። አስተካክሎ ነከሰና ደግሞ ጥቂት ቀደደ። ፊቱ ቀልቷል። በዚያ ጥንቃቄ ሲሠራ ከዚያ በፊት ያየሁት አውቶብስ ጠባብ መንገድ ላይ ሲያዞር ነበር።

የድምፅ ማጉያው ጮኸ። መጀመሪያ በእንግሊዝኛ፣ ቀጥሎ በአገራችን ቋንቋ። የቁጥር ስምንት ጋላቢ ቁጥር ሁለት መንገድ ዘግቶብኛል ብሎ አቤቱታ አቅርቧል። ዳኞቹ እስኪወስኑ ድረስ ማንም ሰው ቲኬቱን እንዳይጥል። ማማው ላይ ቀዩ ምልክት ወጣ።

ዛቢዩላ ዘለለ። «አትቅደድ! ኬምፓ፣ አትቅደድ!»

ኬምፓያ በጥርሱ እንደያዘ ዓይኑን አፈጠጠበት። ማስታወቂያውን አልሰማም። የገባው ነገር ቢኖር፣ ያን ሁሉ ታግሎ ሊጨርስ ሲል ዛቢዩላ ሊነጥቀው መምጣቱ ነው። ጀርባውን ሰጥቶን የባሰ ነከሰ።

«አፍህን ክፈት ጌታዬ! ሬቫና፣ ያዘው! ሊበላው ነው!»

«ኬምፓያ፣ አቤቱታ አለ! ስምንት ልታሸንፍ ትችላለች!» አልኩ እየዞርኩት።

እኔ ስዞር እሱም ይዞራል። አንድ ጎረምሳ «ሽማግሌው ቲኬት ይበላል፣ ኑ እዩ!» ብሎ ጓደኞቹን ጠራ። ያኔ ላሊታ አካ ጃንጥላዋን መሬት ጥላ መሃላችን ገባችና የኬምፓያን አፍንጫ በሁለት ጣቷ ቆነጠጠች። መድኃኒት አልውጥም ሲላት የምታደርገው ነው። አፉ ተከፈተ። ቲኬቱን በሌላ እጇ ቀለበችው።

ለሁለት ሊከፈል ጥቂት ቀርቶታል። የጥርሱ ምልክት ተራ በተራ ይታያል፤ እርጥብ ነው። በሳሪዋ ጫፍ ጠራረገችውና መልሳ በኪሱ ከተተችው። ከዚያ ኬምፓያ ማስታወቂያው ሲደገም ሰማ፤ ገባውም። ዛቢዩላን አየው፣ እኔን አየኝ። ከሆዱ የሆነ ነገር ተነሣና ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ክፉኛ ደንግጬ ክንዱን ያዝኩ። እየሳቀ ነበር።

*

ዳኞቹ ሲመክሩ የተፈጠረውን ብነግራችሁ አታምኑኝም። ያ ሁሉ ሰው መሬት ላይ ተንበረከከ። የሐር ሸሚዝ የለበሱ፣ የወርቅ ሰዓት ያሰሩ፣ ሚስቶቻቸውን በዓል ለማሳየት ያመጡ ሰዎች በአራት እግራቸው እየዳኹ የቲኬት ቁራጭ ያነሣሉ፣ ያነባሉ፣ ይጥላሉ።

«ወንድም፣ ግራ ጎኑ የጎደለ ስምንት አላየህም?»

«እኔ ቀኙ የጎደለ ነው ያለኝ። አሳየኝ ያንተን!»

«ሂድ፣ ይሄ ሦስት ነው፣ ግማሹ ተቀድዶ ነው ስምንት የመሰለው!»

«እንግዲህ አራት እግር ያለው እዚህ ሞልቷል» አለ ዛቢዩላ ለኬምፓያ። «አሁን ማን አንተን ሊያይ?»

ነጩ ምልክት ወጣ፤ ዳኞቹ ወስነዋል ማለት ነው። ቁጥር ስምንት አንደኛ፣ ቁጥር ሁለት ሁለተኛ። ዛቢዩላ እኔን አቅፎ ሳመኝ፤ በሃያ ምናምን ዓመት ጓደኝነታችን ስሞኝ አያውቅም።

ነገሩ በዚህ አላለቀም። መስኮቱ ላይ የተቀመጠው ወጣት ቲኬቱን ከኬምፓያ ተቀብሎ ከማሽኑ ሥር አደረገ፤ ማሽኑ አላነበበም። ገልብጦ ሞከረ፣ እምቢ አለው። የጥርሱን ምልክት አየ። እኛን አየ።

«ውሻ ነው?»

«ባለቤቴ ነው» አለች ላሊታ አካ።

ወጣቱ ሳቁን ዋጠ። «ማሽኑ ያላነበበውን በእጅ ፈልጌ ነው የማገኘው። የትኛው ውድድር፣ ቁጥር ስንት፣ የስንት ሩፒ እንደሆነ ይነገረኝና ከተመዘገበው ጋር አመሳክረዋለሁ።»

«አምስተኛው ውድድር፣ ቁጥር…» ብሎ ዛቢዩላ ጀመረ።

«ይቅርታ ጋሼ፣ ቲኬቱን የያዙት እሳቸው ናቸው። ዛሬ ከመሬት የለቀመ ሁሉ እየመጣ ነው። የያዘው ሰው ራሱ ይናገር።»

ኬምፓያ ከመስኮቱ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። በር ላይ ከሽማግሌው ሲሸሽ የነበረው ፊት ተመለሰ። ንግግሩን ለዛቢዩላ መተው ብቻ ይበቃው ነበር፤ ወጣቱም ብንለምነው ኖሮ ይቀበል ነበር ይመስለኛል። እኔም ልለምን አፌን ከፈትኩ። ላሊታ አካ ጎኔን በክርኗ ወጋችኝና ዘጋሁት።

ኬምፓያ ወደ መስኮቱ ተመለሰ።

«አ…» አለ። «አ… አም…»

ከኋላችን አንዱ «ቶሎ በሉ እንጂ!» ብሎ ጮኸ።

«ዝም በል አንተ!» አለው ከኋላው ያለው። «ግማሽ ቲኬት ይዘህ ነው የምትቸኩለው? ሰውየው ሙሉ አለው!»

ሰልፉ ሳቀ። ኬምፓያም ሰማ። አንገቱን ቀና አደረገ።

«አም… አምስተኛ።»

«አምስተኛ» አለ ወጣቱ፤ ጣቱን ከማሽኑ ቁልፍ ላይ አንሥቶ ጠበቀ።

ይህን ወጣት ስሙን አላውቀውም። ከዚያ ወዲህ መስኮቱ ላይ ስፈልገው አላገኘሁትም። ግን ቃሉን አልጨረሰለትም። ራሱን እየነቀነቀ አላዋከበውም፣ ሰልፉንም ቀና ብሎ አላየም። ሐኪሞች፣ ዘመዶች፣ እኛም ጓደኞቹ፣ ሁላችንም ሳናውቀው ቃሉን ከአፉ እየነጠቅን ስንጨርስለት ነበር የከረምነው። ያ ልጅ እጁን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ጊዜ ሰጠው። እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

«ስ… ስም… ስምንት።»

«ስምንት። የስንት?»

«መቶ!» አለ ኬምፓያ። ሳይሰበር ወጣ። እኛ ብቻ ሳንሆን እሱም ደነገጠ።

ወጣቱ ፈለገና አገኘው። ገንዘቡን ቆጥሮ በኬምፓያ ግራ መዳፍ ላይ አስቀመጠ። «እንኳን ደስ አልዎት አባቴ። በሚቀጥለው ግን ምሳ በልተው ይምጡ።»

*

የደረሰን ገንዘብ ለሦስት ሲካፈል ያን ያህል አልነበረም። ቹርሙሪ በላን፤ ኬምፓያ ቃሪያ አነሰ ብሎ የተጠቀለለበትን ወረቀት መለሰ፤ ሻጩም ጨመረለት። ከዚያ በባጃጅ ወደ ቤት ተመለስን።

መንገዱን ሙሉ አንድ ቃል አልተናገረም።

መጀመሪያ ዛቢዩላ ብቻውን ያወራል። ባዝራዋን ከጅምሩ ይወዳት እንደነበረ፣ ጎድኗ የሚቆጠር ፈረስ ሁሌም እንደሚፈጥን ተናገረ። የኬምፓያ ዝምታ ሲገባው እሱም ዝም አለ። ላሊታ አካ ውጭ ውጩን ታያለች። ዝም ብሎ ከገባ ያለችው ትዝ አለኝ። ደክሞት ይሆናል ብዬ አሰብኩ፤ ድካምና ዝምታን ግን እንዴት እንደምትለያቸው አልነገረችኝም ነበር።

በራቸው ላይ አወረድነው። ከዘራውን አስያዝነው። አንድ እርምጃ ወደ በሩ ሄደ፣ ቆመ፣ ተመለሰ። ከዘራውን ለዛቢዩላ ሰጥቶ ከብብቴ ሥር መጽሔቱን በግራ እጁ ሳበ። የባጃጁ መቀመጫ ላይ አስደግፎ ገጹን መግለጥ ጀመረ። የመጨረሻው ገጽ ላይ ቆመ፤ የወቅቱ ቀሪ ውድድሮች ዝርዝር ነው። ጣቱን አንዱ መስመር ላይ አሳረፈ።

«ረ… ረቡዕ።»

«ረቡዕ ምን?» አለ ዛቢዩላ።

«ው… ውድድር።»

«አበድክ እንዴ? እኛ በዓመት አንድ ቀን ብቻ ነው! ሕጋችን ነው!»

ኬምፓያ መልሱን ሲያዘጋጅ ማናችንም አላገዝነውም። የባጃጁ ሾፌር እንኳን ሒሳቡን ሳይጠይቅ ጠበቀ።

«ሕ… ሕጉን… ቅደደው።»

ላሊታ አካ በሩን ሳትከፍት እዚያው መንገድ ላይ ቆማ ስልኳን አወጣች። ልጇ ወዲያው አነሣ።

«ቤቱን አናከራይም» አለችው። «አይ፣ ደህና ነን። አይ፣ ምንም አልሆነም። አባትህ ረቡዕ ቀጠሮ አለው።»

የሚለውን ጥቂት አዳመጠች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ዓይኗን በሳሪዋ ጫፍ ጠረገች፤ ያችው ቲኬቱን ያደረቀችበት ጫፍ ናት። «ከሐኪም ጋር አይደለም» አለች። «ከፈረስ ጋር።»

እስከ ወቅቱ ማብቂያ ድረስ ስድስት ጊዜ ሄድን፤ አንድም ጊዜ አላሸነፍንም።